ስማቸው በድንኳን ስላልተጠራው እትዬ ወርቄ፣ ለተከበሩት የእድራችን ሊቀመንበር

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጌጃ ሰፈር፣ ልደታ

ለተከበሩ አቶ በሱፍቃድ
የቅን ጎረቤት መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበራችን ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ያ የወገብዎ ነገር ለቀቅ አደረገዎት ወይስ አዲሱ ተሽከርካሪ ወንበር አባሰብዎት? ባለቤትዎስ፣ ልጆቹስ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ስክሪንስ ደኅና ነው? እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ በጣም ደኅና ነኝ፤ ሱቄም ደኅና ነው፤ ባልዲውም ሳፋውም እንደ አቅሙ ይሸጣል።

ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ሰጥቼ እጅ ነስቼ መመለስ ሲገባኝ እንዲህ በአደባባይ መጻፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ወንበር ስበው አስቀምጠው፣ «ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ቅሬታሽን በሲስተሙ በኩል አቅርቢ» ብለው በክብር ሸኝተውኛል። በሲስተሙ በኩል ለማቅረብም አልሰነፍኩም፤ በስልኬ ስከፍተው ግን የሚያሳየኝ እንደ ዳቦ የተቆራረጠ ክብ ሥዕልና ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ብቻ ሆነና ቅሬታ የሚጻፍበት ቦታ አጣሁበት። ስለዚህ ይኸው በወረቀት ጽፌ አንዱን በእድሩ ቢሮ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ፎቶውንም በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አድርጌዋለሁ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነውና ፊደል ከሳትኩ ይታረምልኝ፤ ነገሩን ግን አልሳትኩም።

የእድሩ አባል ያልሆነ መንገደኛም በሩ ላይ ቆሞ ማንበቡ አይቀርምና ለእሱ አንድ ሁለት ቃል ልበል። እኛ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራና እማወራ ነን። ጌጃ ሰፈር የቀረነውም፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም የገባነውም፣ ልደታ ማርያም የምንሳለመውም፣ መስጊድ የምንሄደውም አንድ ላይ ነን። ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን፣ ቀብር እንወጣለን፣ ከሐዘንተኛው ጋር ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ጸሐፊያችን የነበሩት ጋሽ ዓባይነህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንድ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ስም እየጠሩ፣ የተገኘውን በደብተራቸው ምልክት ሲያደርጉ ኖረው፣ ዓይናቸው ስለደከመ ባለፈው ዓመት ተሰናበቱ። ክቡርነትዎም ከመሥሪያ ቤትዎ የዕቅድና ክትትል ሥራ በጡረታ ወጥተው፣ እቤት ተቀምጠው ባለቤትዎን በዕቅድ ሊመሩ ሲሉ፣ ባለቤትዎ ራሳቸው ለሊቀመንበርነት ጠቁመዎት በሙሉ ድምፅ መረጥንዎት።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ኮንትራቱ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ጥቅምት ሆቴል ውስጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ ስምዎ የተጻፈበት ቦርሳ አንግተው ሲመለሱ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው «ከእንግዲህ እድራችን በግምት ሳይሆን በመረጃ ነው የሚመራው» ያሉትን ሁላችንም እናስታውሳለን። ትልልቅ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበትን የመረጃ መተንተኛ ፕሮግራም እንደሚያስገቡልን፣ ፕሮግራሙም የሚሠራበት ለእድራችን ብቻ የተመደበ የክላውድ አቅም እንደሚገዙልን ነገሩን። «ለብቻችን» የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርገው ሦስት ጊዜ ሲደግሟት አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ አልክድም። ለብቻ የሚባል ነገር ለድሀ ደስ ይላል፤ ስብሰባውም ረዝሞ ነበር።

እቤት ስገባ ግን ልጄን ኑኃሚንን ጠየቅኳት። እሷ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ይህንኑ ዓይነት ፕሮግራም ስትጎረጉር የምትውል ናት። እኔም «ክላውድ ማለት ኮምፒውተሩ ሩቅ ቦታ ሆኖ እኛ በኢንተርኔት የምንከራየው ነው፣ እሱስ ገብቶኛል፤ ለብቻ የተመደበ ማለት ምንድን ነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ ታክሲ በይው» አለችኝ። «ሚኒባስ ተሳፍረሽ የወንበርሽን ብቻ መክፈል አለ። ኮንትራት ይዘሽ የመኪናውን በሙሉ መክፈል አለ። እናንተ ዓመቱን ሙሉ ኮንትራት ይዛችኋል ማለት ነው። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ፣ ቀንና ሌሊት በራችሁ ላይ ቆሟል።»

«ታዲያ ወዴት ነው የሚወስደን?»

«የትም። የእኛ ድርጅት እንኳ አሥራ ስምንት ቅርንጫፍ ይዞ በሚኒባሱ ነው የሚሳፈረው። ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም የጋሽ ዓባይነህ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ተቆጣኋት። ክቡር ሊቀመንበራችን ያለ ምክንያት ኮንትራት አይዙም፣ ምናልባት የምንቸኩልበት ነገር ይኖር ይሆናል አልኳት። ይኸው አምስተኛ ወሩ ነው፤ መኪናው አሁንም ቆሟል። እኛም ለአዲስ ድንኳን ያስቀመጥነውን ለእሱ ነዳጅ አድርገን፣ በአሮጌው ድንኳን ቀዳዳ ሰማይ እያየን እናለቅሳለን። ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ ስለ አረንጓዴው ሰው። ፕሮግራሙ የአባላትን ተሳትፎ መዝኖ፣ ጥሩውን በአረንጓዴ፣ መካከለኛውን በቢጫ፣ ደካማውን በቀይ ቀለም በስክሪኑ ላይ ማውጣት ሲጀምር፣ ሰፈሩ ሁሉ ቀለሙን ሊያይ ቢሮዎ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባል አንደኛ ሆኖ የወጣው አቶ ዮፍታሔ መሆኑን ስሰማ፣ እንዲያው እግዜር ያሳይዎ፣ የያዝኩት ጆግ ከእጄ ወደቀ። ጥሩነቱ ፕላስቲክ ነው።

ዮፍታሔን የማያውቅ መንገደኛ ካለ ልንገረው። መልካም ጎረቤት ነው፣ ክፉ አይወጣውም። በለቅሶ ቤት አመጣጡ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ስም ሊጠራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ከች ይላል፤ አንድ እግሩን ድንኳን ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ይቆማል፤ ስሙ ሲጠራ «አለሁ!» ብሎ አስከሬን የሚቀሰቅስ ድምፅ ያሰማል፤ ቀጥሎ ያለው ሰው «አቤት» ሳይል እሱ መንገዱን ጨርሷል። ጋሽ ዓባይነህ ይህን ስለሚያውቁ፣ «የዮፍታሔ ድምፅ ነው የሚያስተዛዝነው፣ አካሉ ሥራ አለበት» እያሉ ይስቁ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን መሳቅ ስለማይችል መቶ በመቶ ሰጠው። ክቡርነትዎም የምስክር ወረቀት በመስታወት አድርገው ሸለሙት። አሁን ሳሎኑ ሰቅሎታል፤ ሲመክረንም «ተሳትፏችሁን አሻሽሉ» ይለናል። በርቱልን።

ሦስተኛ፤ የመሞቻ ተራችንን አስቀድመው ስላሳወቁን ከልብ አመሰግናለሁ። ፕሮግራሙ ያለፈውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ይተነብያል ብለው፣ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት የእድሩን አገልግሎት ሊፈልጉ የሚችሉ ቤተሰቦችን ስም ዝርዝር በስክሪኑ ላይ ያወጡት ጊዜ፣ እኔ ዘጠነኛ ሆኜ ነበር። ኑኃሚን አጣርታ እንደነገረችኝ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በቤቴ አሥራ አራት ዓመት ሐዘን አልገባም፤ ኮምፒውተሩም በእቁብ ሒሳብ አስቦ «ይህች ሴትዮ ብዙ ቆይታለች፣ ተራዋ ደርሷል» ብሏል።

እኔ ደንጋጭ ሴት አይደለሁም። ጎረቤቶቼ ግን ደነገጡልኝ። ፊት ለፊቴ ያለው ኑሪ ልብስ ሰፊው፣ ባልዲ ሊገዛ መጥቶ የነገርኩትን ዋጋ አንድም ሳይከራከር ከፈለ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ኑሪ ሳይከራከር የገዛበት ቀን የለም፤ አንድ ጊዜማ በባልዲ ክርክር ጀምረን ምሳ ሰዓት አልፎናል። ያን ቀን ግን ዝም ብሎ ከፍሎ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝና «አላህ ያቆይሽ እትዬ ጠጅቱ፣ አንቺ እኮ ጥሩ ሰው ነበርሽ» ብሎኝ ሄደ። ነበርሽ! እኔ ባንኮኒው ኋላ ቆሜ እያየሁት! ዝርዝሩን በማግሥቱ ማንሳትዎን ሰምቻለሁ፤ ኑሪ ግን እስከ ዛሬ አልተከራከረኝም፤ ይህም ሱቄን ጠቅሞታልና ስለዚህኛው ቅሬታ የለኝም።

አራተኛ፤ አሁን የመጣሁበት ነገር ይህ ነው። እስካሁን የጻፍኩትን ቢያልፉት አልቀየምም፤ ይህን ግን ወንበርዎን ማሽከርከር ለአፍታ አቁመው እንዲያነቡልኝ እማጸናለሁ።

እትዬ ወርቅአፈራሁን፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ወርቄ የምንላቸውን፣ ክቡርነትዎ አያውቋቸውም ብዬ አልሳደብም። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ ሳይተከል በፊት የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። መጋረጃ የምታክል ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው ማድ ቤት ይገባሉ፤ የእድሩን ድስት ያወጣሉ፤ ንፍሮውን ይቀቅላሉ፤ ወጡን ይጥዳሉ፤ ከዚያ ያ የሦስት መቶ ሰው ሳህን ይመጣል። ሦስት ቀን ሳህን ያጥባሉ። እኛ አሥራ ስምንት የምንሆን ሴቶች አብረናቸው እንገባለን፤ እኛ ግን በተራ ወጥተን አረፍ እንላለን፣ ሐዘንተኛዋ አጠገብም ሄደን እንቀመጣለን። እሳቸው ከማድ ቤት የሚወጡት ድስቱ ታጥቦ፣ ተቆጥሮ፣ ተቆልፎበት ነው።

አሁን ስም ጠሪውን ጋሽ ዓባይነህን ይጠይቁልኝ። የማድ ቤት ሰው ስም አይጠራም። ይህ በሕገ ደንባችን የተጻፈ አይደለም፤ መጻፍም አላስፈለገውም። ጋሽ ዓባይነህ በደብተራቸው የማድ ቤት ሴቶች ስም ላይ ሲደርሱ ሳይጠሩ ያልፉታል፤ ሳጥኑንም ባዶ ይተዉታል። ባዶነቱ ክብር ነበር። በዚያ ደብተር ሦስት ዓይነት ሰው አለ፤ የመጣ ምልክት አለው፣ የቀረ ኤክስ አለው፣ እየሠራ ያለ ሰው ባዶ ነው። ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር።

ለኮምፒውተሩ ግን ይህን አልነገሩትም። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደብተር ወስደው ሲያስገቡለት፣ ምልክት ያለውን «ተገኝቷል»፣ ኤክሱንም ባዶውንም አንድ ላይ «ቀርቷል» አድርገው አስገቡት። እኛ ሌሎቹ ወጣ ገባ ስለምንል አንዳንድ ቀን ድንኳን ውስጥ ተገኝተን ምልክት አለን፤ እኔ ለምሳሌ በቢጫ ተርፌአለሁ። እትዬ ወርቄ ግን ከሃያ አምስት ጥሪ የተገኙት በአንዱ ብቻ ሆነ። ያቺም አንዷ ቀን እጃቸው በፍል ውሃ ተቃጥሎ፣ እኛ በግድ ጎትተን ድንኳን ውስጥ ያስቀመጥናቸው ቀን ናት።

እንግዲህ በጥር ወር፣ ሥራ በዛብኝ ብለው ውሳኔውንም ለሲስተሙ በሰጡ ጊዜ፣ በእትዬ ወርቄ ስልክ መልእክት ገባ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ሱቄ መጥተው ስልኩን ዘረጉልኝ፤ «ጠጅቱ፣ እስቲ እይልኝ፤ የመብራት ነው መሰለኝ» አሉኝ። አየሁት። «ውድ አባላችን፣ የተሳትፎ ምጣኔዎ አራት በመቶ በመሆኑ ከጥር 30 ጀምሮ ከአባልነት የተሰናበቱ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለራሴ ነው ያነበብኩት፤ ድምፅ አላወጣሁም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

የምዋሸው ባገኝ ደስ ባለኝ። አጣሁና ነገርኳቸው። በለቅሶ ቤት አልተገኙም ይላል፣ በዚህ ምክንያት ከእድሩ ወጥተዋል ይላል አልኳቸው። እትዬ ወርቄ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩትና፣

«እንግዲያ ሳህኑን ማን አጠበው ይላል?» አሉ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ሁለት ጊዜ ቢሮዎ የመጣሁት።

እሳቸው አላለቀሱም። ሳፋ ገልብጠው ተቀመጡ። ቀጥለው ስለ ባለቤታቸው ስለ ጋሽ ገዳ አነሱ። ጋሽ ገዳ ከታኅሣሥ ጀምሮ አልጋ ላይ መሆናቸውን ሰፈሩ ያውቃል፤ ሐኪሞቹም «ከእንግዲህ እቤት አስታሙት» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ልጅ የላቸውም። «እኔስ ለራሴ ግድ የለኝም» አሉኝ እትዬ ወርቄ፤ «እሱን ግን በማን ትከሻ ልሸኘው ነው? ሠላሳ ዓመት የሰው ለቅሶ ስደግስ፣ ለእሱ ቀን የሚሆን ሰው እያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር።»

ነገሩ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው። ጋሽ ገዳ ነገ ቢያርፉ፣ በእርስዎ ሲስተም መሠረት ድንኳን አይወጣም፣ ጥሩምባ አይነፋም፣ ስም አይጠራም። ዮፍታሔ ቢሞት ግን፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ሁሉም ይወጣል።

አምስተኛ፤ ስለ ጥረትዎ። ይህን ሁሉ ላስረዳዎ መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት፣ «ወይዘሮ ጠጅቱ፣ ሲስተሙ በእጅ አይነካም» አሉኝ። ልክ ነዎት፣ እኛ እጃችን እርጥብ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስፈራል። ሁለተኛ ስመጣ ጋሽ ዓባይነህን ይዤ መጣሁ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው፣ ደብተራቸውን ጠረጴዛዎ ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ ይህ ባዶ ቦታ ቀሪ ማለት አይደለም፤ ሥራ ላይ ናት ማለት ነው» አሉዎ። እርስዎም «ጋሽ ዓባይነህ፣ ባዶ ነገር መረጃ ሊሆን አይችልም፤ ለምን ያኔ አልጠሯትም?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው የመለሱልዎትን ምናልባት በደብተርዎ ካልያዙት ልድገምልዎ፤ «ከእሳት ዳር ሰው ጠርቼ አለሽ ወይ ልበላት? ወጡን የምበላው እኮ እኔ ነኝ!» ነበር ያሉዎት።

ከዚያ በኋላ ያደረጉልንን ትብብር አልረሳም። ሻጮቹ ጋ ደውለው፣ «ማድ ቤት» የሚል አንድ ዐምድ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቁልን። በገዛነው ጥቅል ውስጥ የለም፣ ለብቻው ጥያቄ ቀርቦ ለብቻው ይሠራል ተባለ። ለብቻ የሚለው ቃል ያኔ ጣፍጦኝ ነበር፤ አሁን ግን ጥርሴን አሳመመኝ። አዲስ መረጃስ መቼ ይገባል ብዬ ስጠይቅዎ፣ «በየስድስት ወሩ ነው፤ የሚቀጥለው ሐምሌ ላይ» አሉኝ። ቀንና ሌሊት ሞተሩ ሳይጠፋ የሚጠብቀን ኮንትራት መኪና፣ ሰው የሚሳፈርበት በዓመት ሁለት ቀን ብቻ መሆኑን ያን ዕለት ተረዳሁ። ችግሩ አንድ ነው፤ ጋሽ ገዳ ሐምሌን እንደሚጠብቁ ማረጋገጫ አልሰጡንም። እኔ ልጠይቃቸው አፈርኩ፤ እርስዎ በሲስተሙ በኩል ቢጠይቋቸው።

ስድስተኛ፤ ይህ ቅሬታ አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኛ አሥራ ስምንቱ የማድ ቤት ሴቶች ሱቄ ውስጥ ተሰብስበን ነበር። ቦታ ስላልበቃን ግማሾቹ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። እትዬ ወርቄን አልጠራናቸውም፤ ቢመጡ «ተዉት ልጆቼ፣ ሰው አታስቀይሙ» ብለው ይበትኑን ነበር። መቅደላዊት፣ ያቺ ምላሷ እሳት የሆነችው ጎረቤታችን፣ እንዲህ አለች፤ «ኮምፒውተሩ የሚያየው ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እኛ ለምን አንታየውም?» ነገሩ ትክክል ሆኖ አገኘነው። ክቡርነትዎ ለመረጃ ጥራት ያለዎትን ፍቅር ስለምናውቅ፣ እኛም ልንተባበርዎ ወስነናል።

ስለዚህ እትዬ ወርቄ ወደ አባልነታቸው እስኪመለሱ ድረስ፣ ከሚቀጥለው ለቅሶ ጀምሮ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ አሥራ ስምንታችንም ድንኳን ውስጥ፣ ከፊት ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ስማችን ሲጠራ እንደ ዮፍታሔ «አለን!» እንላለን። እስከ ማታ አንነሳም። ሁላችንም አረንጓዴ እንሆናለን፤ ስክሪንዎ እንደ መስክ ያምራል። ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል፣ ሳህኑን ማን እንደሚያጥብ ለእርስዎና ለብቻችን ለተመደበው አቅም ትተነዋል፤ ኑኃሚን በጣም ብዙ አቅም አለው ብላኛለች። የድስቱ ማስቀመጫ ቁልፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታ ተደርጎ በቢሮዎ በር ሥር ገብቷል። ድስቱ ሃያ ሁለት ነው፤ አንዱ ጆሮው ተነቅሏልና ሲያነሱት ይጠንቀቁ፣ ወገብዎን ያምዎታል።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ውሳኔ ውጪ ነው። ጋሽ ገዳ እድሩ ሳይቀበላቸው ቢያርፉ፣ ከሱቄ ሸራ አውጥቼ በራቸው ላይ እወጥራለሁ፤ ኑሪ ቋሚውን አመጣለሁ ብሏል፤ አሥራ ስምንታችንም ማድ ቤት እንገባለን፤ እትዬ ወርቄን ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው ሳይቃጠል ድንኳን ውስጥ እናስቀምጣቸዋለን፤ ሰውም ያጽናናቸዋል። ጋሽ ዓባይነህም ደብተር ይዘው ስም እጠራለሁ ብለዋል፤ ዓይናቸው ባያይም በቃላቸው ያውቁናል። ቢሆንም ሸራ ሸራ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ሴት ባሏን ከእድሯ ድንኳን መሸኘት ይገባታል። ያን ድንኳን እኔ ከባልዲ ጋር አልሸጠውም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የፊታችን እሑድ መጋቢት 14 ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ባወጡት አጀንዳ ላይ አንደኛው የስድስት ወር የመረጃ ትንተና ሪፖርት፣ ሁለተኛው ኮንትራቱን ለሚቀጥለው ዓመት ስለ ማራዘም ነው። ከሁለቱም በፊት ተነስተው፣ ስክሪኑ ሳይከፈት፣ በራስዎ አንደበት «ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ» ብለው አንድ ጊዜ ስማቸውን ይጥሩልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ እጃቸው ከተቃጠለበት ቀን በቀር፣ ያልተጠራ ስም ነውና ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት። እሳቸው አፍረው ዝም ሊሉ ይችላሉ። እኛ «አለች» እንላለን። ከዚያ በሲስተሙም ይሁን በእስክሪብቶ፣ እንደሚመችዎ ይጻፏቸው።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያነበቡልኝ ሊቀመንበራችን ሆይ፣ ፈጣሪ ወገብዎን ያጽናልዎ፣ ወንበርዎን ያለስልስልዎ፣ ስክሪንዎን ከመብራት መቆራረጥ ይጠብቅልዎ፣ በጎረቤትዎም ፊት ሞገስ ይስጥዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የዘወትር አክባሪዎና የቅርብ ጎረቤትዎ፣
ጠጅቱ ቦጂያ
የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ፣ ጌጃ ሰፈር

ማሳሰቢያ፤ ጋሽ ዓባይነህ ደብተራቸውን ይዘው ሲመለሱ እኔ ሱቅ አረፍ ብለው ነበርና፣ የእትዬ ወርቄን ሃያ አራት ባዶ ሳጥኖች አንድ በአንድ ከየቀኑ ጋር አየኋቸው። ሦስቱ ተከታታይ ቀናት ናቸው፤ በ2016 ሰኔ መጀመሪያ ላይ። የእናትዎ ለቅሶ ነው። ሲስተሙ በእነዚያ ሦስት ቀናት እትዬ ወርቄ አልተገኙም ይላል። እርስዎ ግን በሦስተኛው ቀን ማድ ቤት ድረስ ገብተው፣ ሁላችንም እያየን፣ እጃቸውን ስመው አመስግነዋቸዋል። እጃቸው እርጥብ ነበር። ለምን እርጥብ እንደነበረ ትዝ ካለዎት፣ ሐምሌን ሳይጠብቁ ለሲስተሙ እንዲያስገቡለት በትሕትና አሳስባለሁ።